በድምፅ ብልጫ ሃያ

በ1964 ዓ.ም. በጥር ወር፣ አሰላ ከተማ ውስጥ፣ ሁለት ሲደመር ሦስት ሲባዛ በአራት ሃያ መሆኑ በኮሚቴ ተወስኗል። ቀልድ አይደለም። ቃለ ጉባኤውን በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሦስት ቅጂ ነበረው፤ አንዱ አዲስ አበባ ላለው ዋና መሥሪያ ቤት፣ አንዱ ለፋይል፣ አንዱ «ለሚመለከተው ሁሉ»። የሚመለከተው ሁሉ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

የመሥሪያ ቤታችንን ስም አልጠራም። አሁን የለም፤ ቢኖርም ማስታወቂያ አልሠራለትም። ተግባሩ ምርጥ የስንዴ ዘር ለገበሬው ማከፋፈል ነበር። እኔ በዛብህ የመዝገብ ቤት ሹም ነበርኩ። ሹም የተባልኩት ከሥሬ የማዘው ሰው ኖሮ ሳይሆን የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ስለሚውል ነው። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ከመጣሁ ስድስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ባለቤቴ ሸዋዬ ልጆቹን ይዛ እዚያው ቀርታለች፤ የዝውውር ማመልከቻዬ ደግሞ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ አራት ወሩ ነው። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም። በኋላ ለሠራሁት ሥራ ምክንያት የምለው ነገር ቢኖር ይኸው ብቻ ስለሆነ ነው።

አለቃዬ አቶ አሰግድ ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ሰው አውቃለሁ፤ ክፉ ሰው አንዳንዴ ይጠራጠርና ሳያስበው ደግ ይሠራል። አቶ አሰግድ ግን ተጠራጥረው አያውቁም። የጭላሎ ብርድ ስለሚያስቸግራቸው ዓመቱን ሙሉ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ አንገታቸውን በሻርፕ ጠቅልለው፣ የሚመጣላቸውን ሁሉ ይወስናሉ። ማስታወቂያ መጻፍ ይወዱ ነበር። ኮሪደሩ ላይ በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ ሰባት ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ከሁሉም ትልቁ በቀይ ቀለም የተጻፈው ሲሆን «ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል» ይላል።

ከማስታወቂያው ሥር ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ከሁሩታና ከሲሬ በሌሊት ተነሥተው የመጡ ገበሬዎች እዚያ ላይ ተደርድረው ይውላሉ። ዘበኛው ከዲሮ በየሰዓቱ እየወጣ «ኤጋ፣ ኤጋ» ይላቸዋል፤ ጠብቁ ማለቱ ነው፤ እነሱም ይጠብቃሉ። በዚህ መሀል ላንድሮቨር ያለው ሰው ከመጣ ወንበሩን በጎን አልፎ ቀጥታ ይገባል። አቶ አሰግድ በዚህ ተቸግረው አያውቁም። ወረፋው ከበር ውጭ ነው፣ እሳቸው ከበር ውስጥ ናቸው፤ ከውስጥ ሆኖ ለሚያይ ቀድሞ የገባ ሁሉ ቀድሞ የመጣ ይመስላል።

እንግዲህ በዚያ ዓመት በኅዳር፣ ሁሩታ ላለው የዘር መጋዘን ጸሐፊ ያስፈልጋል ተባለና ማስታወቂያ ወጣ። ደሞዙ ይህን ያህል የሚያጓጓ አልነበረም። ሰው የተሻማው ቤቱን ነው፤ ከመጋዘኑ ጎን ለጸሐፊው መኖሪያ የሚሰጥ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነበር። አሥራ አንድ ሰው ተመዘገበ። ከአሥራ አንዱ አንዷ ሀጂራ ሁሴኖ ናት።

ሀጂራ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች የዚሁ አገር ልጅ ናት። አባቷ ሁሴኖ ሁሩታ አጠገብ የባላምባራስ ካሣዬን መሬት እያረሰ የሚኖር ጢሰኛ ነበር። ባላምባራስ ትራክተር ገዙ። ትራክተር ሲመጣ ጢሰኛ ይወጣል፤ በዚያን ጊዜ በአርሲ ይህን የማያውቅ አልነበረም። ሁሴኖ በሬዎቹን ሸጦ፣ ሰባት ነፍስ ይዞ፣ አሰላ ገበያ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይቶ ገባ። ሀጂራ ሥራውን ካገኘች ቤተሰቡ ሁለት ክፍል ቤት ያገኛል። ካላገኘች ክረምት ሳይገባ ይበተናሉ፤ ግማሹ ጢቾ አክስት ዘንድ፣ ግማሹ ደግሞ የት እንደሆነ ገና አልታወቀም ነበር። ይህን ሁሉ የነገረኝ ከዲሮ ነው፤ ዘመዳቸው ነው።

ፈተናውን ያዘጋጁት አቶ አሰግድ ራሳቸው ናቸው። አምስት ጥያቄ ነበረው። አምስተኛው እንዲህ ይላል፤ 2 + 3 × 4 ስንት ነው?

ባላምባራስ ካሣዬ የእህት ልጅ ነበራቸው። እሱም ተፈትኖ አምስቱንም አገኘ ተባለ። ሀጂራ አራቱን አገኘች፤ አምስተኛው ላይ 14 ብላ ጽፋ በቀይ ተሰርዞባታል። የቀሩት ዘጠኙ ሦስትና ከዚያ በታች ናቸው። ውጤቱ በወጣ ማግስት ሀጂራ ቴምብር የተለጠፈበት አቤቱታ ይዛ መስኮቴ ላይ ቆመች። ርእሱ «ስለ ሂሳብ ስህተት» ይላል። ሂሳብ ሲባል የጎደለ ዕቃ መስሎኝ ደንገጥ ብዬ አነበብኩት። የጎደለ ነገር አልነበረም። «ማባዛት ከመደመር በፊት የሚሠራ ስለሆነ መልሱ አሥራ አራት ነው፤ ውጤቴ ይታረምልኝ» ይላል፤ ከዚያ ፊርማ።

እውነቱን ልናገር፤ አነበብኩት፣ በልቤም ሠራሁት፣ አሥራ አራት ነው። ደብረ ብርሃን አራተኛ ክፍል ሳለሁ በኩርኩም ነው የተማርኩት፤ እስከ መቃብሬ አልረሳውም።

አቤቱታ ሲቀርብ ኮሚቴ መሰብሰብ ደንብ ነው። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር፤ አቶ አሰግድ ሰብሳቢ፣ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ ወይዘሮ የውብዳር አባል፣ እኔ ጸሐፊና አባል። ወይዘሮ የውብዳር በስብሰባ ላይ ሹራብ ትሠራለች። ከሹራቡ ቀና የምትለው ፈርሚ ስትባል ብቻ ነው። ሀጂራ ተጠርታ ገባችና በሩ አጠገብ ቆመች።

«አንቺ ልጅ፣» አሉ አቶ አሰግድ፣ «ማንበብ የምንጀምረው ከየት ነው?»

«ከግራ ነው ጌታዬ።»

«በይ አንብቢ። ሁለትና ሦስት፣ አምስት። አምስት ጊዜ አራት፣ ሃያ። መደመሩ ቀድሞ መጥቷል፤ ማባዛቱ ከኋላ ነው የመጣው። ከኋላ የመጣ በምን ሥልጣኑ ይቀድማል? ኮሪደሩ ላይ የለጠፍኩትን አላየሽም?»

«አይቻለሁ ጌታዬ። ግን ይህ ወረፋ አይደለም።»

«ሁሉም ነገር ወረፋ ነው፣» አሉ አቶ አሰግድ።

ሀጂራ በመስኮቱ ወደ ግቢው አየች። ዕለቱ ዘር የሚጫንበት ቀን ስለነበር ሦስት የፈረስ ጋሪ ተሰልፎ ቆሟል፤ እያንዳንዱ ላይ አራት አራት ከረጢት ተጭኗል። ሁለት ከረጢት ደግሞ ከበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ጌታዬ ቢፈቅዱልኝ፣» አለች፣ «ያ ሁለቱ መሬት ላይ ያለው ነው። ሦስቱ ጋሪዎቹ ናቸው። አራቱ በየጋሪው ያለው ከረጢት ነው። ግቢው ውስጥ ስንት ከረጢት አለ?»

አቶ አሰግድ ተነሡ። ይህን አልደብቅላቸውም፤ እስከ መስኮቱ ሄደው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ በጣታቸው እየጠቆሙ አንድ በአንድ ቆጠሩ። እኔም በዓይኔ ቆጠርኩ። ወይዘሮ የውብዳር እንኳን ሹራቡን ጭኗ ላይ አኖረች።

«አሥራ አራት፣» አሉ አቶ አሰግድ።

«አራት የተባለው ለጋሪዎቹ ብቻ ነው ጌታዬ። መሬት ያሉት ሁለቱ ጋሪ ላይ አልወጡም። እነሱንም በአራት ካባዛን የሌለ ስድስት ከረጢት ጨመርን ማለት ነው።»

እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በዚያ ክፍል ውስጥ ሲነገር አልሰማሁም። አለቀ፣ ልጅቷ ቤቷን አገኘች ብዬ ነበር። አቶ አሰግድን ግን በስድስት ዓመት ውስጥ አላወቅኋቸውም ነበር ማለት ነው። ቀስ ብለው ወደ ወንበራቸው ተመለሱና ሻርፓቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«ያ ከረጢት ነው፣» አሉ። «ይህ ሂሳብ ነው።»

ከውጭ፣ ከአግዳሚው ወንበር፣ አባቷ ሁሴኖ በተከፈተው በር አንገቱን አስግጎ ይሰማ ነበር። አማርኛው ብዙም አይደለም። «ሜቃ ጄዴ?» ብሎ ጠየቃት፤ ስንት ነው አለ ማለቱ ነው። ሀጂራ ዞር ሳትል «ዲግደማ» አለችው፤ ሃያ። ሽማግሌው ወደ ግቢው ዞረና በዘንጉ እየጠቆመ ከረጢቶቹን እንደገና መቁጠር ጀመረ። ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ከዚያ ከዲሮን ጠርቶ የቀሩት ስድስቱ የት እንደተቀመጡ በዝግታ ሲጠይቀው ሰማሁ።

በዚህ መሀል የላንድሮቨር ድምፅ መጣ። ባላምባራስ ካሣዬ ወረዱ፣ ከጧት አንድ ሰዓት ጀምሮ የተቀመጡትን ዘጠኝ ገበሬዎች አለፉ፣ የሁሴኖን ዘንግ ተሻገሩ፣ ከቀዩ ማስታወቂያ አጠገብ በበሩ ጎንበስ ብለው ገቡ። ቁመታቸው ረጅም ነው፤ በሩ ዝቅ ያለ ነው። አቶ አሰግድ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። እኛም ብድግ አልን።

«ይግቡ፣ ይግቡ ጌታዬ። ኮሚቴ ላይ ነበርን።»

«የልጁ ነገር ምን ደረሰ?» አሉ ባላምባራስ።

ሀጂራ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ አቶ አሰግድን አየች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ይኸውልዎ ጌታዬ፣» አለች፣ «ማባዛት ማለት እንደዚህ ነው። ከኋላ ይመጣል፣ ቀድሞ ይገባል።»

ባላምባራስ ወደ አቶ አሰግድ ዞሩ። «ማባዛት የሚሉት የማን ልጅ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ማንም አልሳቀም። ሳቁ መጥቶብኝ ነበር፤ በሳል አሳለፍኩት። አቶ አሰግድ ልጅቷን አስወጧትና ጉዳዩን ለድምፅ አቀረቡት። ለሃያ እጃቸውን አወጡ። ወይዘሮ የውብዳር ሹራቧን አንሥታ «እኔ ድምፅ አልሰጥም፤ ሂሳብ የኔ ክፍል አይደለም» አለች። ቀረሁ እኔ። አቶ አሰግድ አላስፈራሩኝም፣ አላባበሉኝም። ጠረጴዛቸው ላይ ካለው የወረቀት ክምር መሀል አንዱን ስበው አወጡና ከሁሉ በላይ አስቀመጡት። የዝውውር ማመልከቻዬ ነው። የእጅ ጽሑፌን ከሩቅ ለየሁት።

እጄን አወጣሁ። ሁለት ለዜሮ፣ በአንድ ድምፀ ተአቅቦ፣ ሃያ ሆነ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ቃለ ጉባኤውን ባማረ ጽሑፍ ጻፍኩ፤ «ኮሚቴው ጉዳዩን በጥልቀት ከመረመረ በኋላ» ብዬ ሁሉ ጀመርኩ። ማኅተም ተመታበት።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደንቆሮ ሹም ገጠመኝ ብዬ ለሸዋዬ አጫውቻት በሳቅን ነበር። አቶ አሰግድ ግን በውሳኔያቸው ኮርተው አንዱን ቅጂ ለዋናው መሥሪያ ቤት ላኩት፤ ለሌሎች ቅርንጫፎችም መመሪያ ይሁን ብለው ነው። መልሱ በመጋቢት መጣ፤ እስከዚያ ማንም አልተቀጠረም። ሁለት አንቀጽ ነበረው። አንደኛው፤ ማባዛት ከመደመር በፊት ስለሚሠራ ትክክለኛው መልስ 14 ነው። ሁለተኛው፤ የአመልካቿ ውጤት በዚሁ መሠረት ታርሞ ሥራው ይሰጣት።

አቶ አሰግድ ደብዳቤውን ሲያነብቡ ፊት ለፊታቸው ቆሜ ነበር። ያፍራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው እቴ። አንደኛውን አንቀጽ ጮክ ብለው አነበቡና «አላልኩም?» አሉኝ። በዚያው ከሰዓት ለከዲሮ ማባዛት ከመደመር እንደሚቀድም ሲያስረዱት አገኘኋቸው። በማግስቱ ኮሪደሩ ላይ ስምንተኛ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ «ማባዛት ከመደመር ይቀድማል»። ቦታ ስለጠፋ ልክ ከቀዩ ሥር ነው የተለጠፈው። ገበሬዎቹ ማንበብ አለመቻላቸው በጀን።

«ሁለተኛው አንቀጽስ?» አልኩ።

«እሱ ዝርዝር ነው። ፋይል አድርገው። ስህተቱ የጥያቄው እንጂ የማንም ስላልሆነ ፈተናው ይደገማል።»

በሚያዝያ ተደገመ። የተፈተኑት ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ማስታወቂያው ፊት ለፊታቸው ነበር። አምስተኛው ጥያቄ ያው ነው። ሁሉም 14 ብለው ጻፉ። የቀሩትን አራት ጥያቄዎች ሳይሳሳቱ ያገኙት ሀጂራና የባላምባራስ የእህት ልጅ ሆኑ። እኩል ወጡ። እኩል ሲወጡ ደግሞ ደንቡ የቀድሞ ውጤት ይታይ ይላል፤ የቀድሞ ውጤት ማለት የመጀመሪያው ፈተና ነው።

«ፋይሉን አምጣው፣» አሉኝ አቶ አሰግድ።

አመጣሁት። እሱ አምስት፣ እሷ አራት። አምስተኛዋ፣ በቀይ የተሰረዘችው 14፣ እዚያው አለች።

«ግን አሥራ አራት ትክክል ከሆነ፣ ያኔም ትክክል ነበር፤ እንግዲያው አምስት አላት» አልኩ። ይህን ያልኩት በሆዴ ነው። ሆዴ ውስጥ ብዙ ጀግንነት አለ። በአፌ ያልኩት «ማኅተም አለበት» ነው። አቶ አሰግድም «ማኅተም የተመታበት አይነካም» ብለው አጸደቁት። የመሥሪያ ቤታችን እውነተኛ ቅደም ተከተል የገባኝ ያን ቀን ነው። መጀመሪያ ሰውየው ይመረጣል፣ ቀጥሎ መልሱ ይወሰናል፣ ጥያቄው በመጨረሻ ይጻፋል። በዚህ ቅደም ተከተል ከሠሩት የትኛውም ሂሳብ አይሳሳትም።

የእህት ልጁ ሁሩታ ገባ። የቆርቆሮውን ቤት አልኖረበትም። አጎቱ የተሻለ ቤት ነበራቸው፤ በቆርቆሮው ቤት የትራክተሩን መለዋወጫ አስቀመጠበት። የሁሴኖ ቤተሰብ በግንቦት መጨረሻ ተበተነ። ትንንሾቹ ጢቾ ሄዱ፤ ሁሴኖ በዚያ ዕድሜው ሲሬ አንድ ሰው ዘንድ ከብት ጥበቃ ገባ። ይህንንም የነገረኝ ከዲሮ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰላምታ ካልሆነ ምንም ነግሮኝ አያውቅም።

ሀጂራ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ መጣች። ጧት አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር፤ ወረፋውን ጠብቃ፣ ተራዋ ሲደርስ መስኮቴ ላይ ቆመች። አቤቱታ አልያዘችም።

«እንደምን አደሩ አቶ በዛብህ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ልርዳሽ?»

«ከአዲስ አበባ የመጣው ደብዳቤ እርስዎ ዘንድ ነው ይባላል። ከአሥራ አራቱ ሌላ የሚለው ነገር ነበረው?»

ፋይሉ ከጀርባዬ መደርደሪያ ላይ ነበር። እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። የዝውውር ደብዳቤዬ በዚያ ሳምንት ተፈርሟል፤ አውቶቡሱ ላይ መውጣት ብቻ ነው የቀረኝ። ማንም ምንም ሊያደርገኝ አይችልም ነበር። ይህን አሰብኩት፤ በደንብ አሰብኩት።

«የለውም፣» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ሁለተኛውን አንቀጽ ወይዘሮ የውብዳር በቃላቸው ነግረውኛል፣» አለች። «አቤት ብዬ አዲስ አበባ ጽፌያለሁ፤ ሥራው ተይዟል ብለውኛል። የመጣሁት ለእሱ አይደለም። አቶ አሰግድ ሂሳብ ስለማያውቁ ነው ብዬ ትቼላቸዋለሁ። እርስዎ ግን ያን ቀን ከረጢቱ ሲቆጠር ከንፈርዎ አብሮ ይቆጥር ነበር፤ አይቼዎታለሁ። ዛሬስ ምን ይላሉ ብዬ ለመስማት ነው የመጣሁት።»

የምመልሰው ፈለግሁ። ሸዋዬን ልጥራ አልኩ፣ ልጆቼን ልጥራ አልኩ፣ ስድስት ዓመት ልበል አልኩ። የእሷ ሰባት ነፍስ ትዝ ሲለኝ ሁሉንም ተውኩት። እሷም ብዙ አልጠበቀችም። ከኋላዋ ለቆመው ገበሬ ቦታ ለቃ፣ በኦሮምኛ ተራው መሆኑን ነግራው ሄደች።

ገበሬው ቀረብ ብሎ ወረቀቱን ዘረጋልኝ። መስኮቱ እስከ ስድስት ሰዓት ክፍት መሆን ነበረበት። ዘጋሁት።